በባሕር ሙላት የሚከፈት ኤርፖርት፦ የሎርድ ሃው ደሴት የበራሪ ጀልባ ጣቢያ፣ ከ1947 እስከ 1974

ከሲድኒ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በታዝማን ባሕር ውስጥ አንዲት ትንሽ ደሴት አለች። ሎርድ ሃው ትባላለች። ርዝመቷ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስፋቷ በሰፊው ቦታ እንኳ ከ2 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ነዋሪዎቿ ጥቂት መቶ ብቻ ናቸው። ይህች ደሴት ለ27 ዓመት ያህል መደበኛ የአውሮፕላን በረራ ነበራት፤ ማኮብኮቢያ ግን አልነበራትም። አውሮፕላኖቹ የሚያርፉትም የሚነሡትም ውሃ ላይ ነበር፤ በራሪ ጀልባ ይባላሉ። (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

የዚህን ጣቢያ ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ በናፍቆት ነው የሚያወሩት። ናፍቆቱ ይገባኛል። ግን ናፍቆት ብቻውን ሁለት ጥያቄዎችን ይሸፍንብናል። እንዲህ ያለ ጣቢያ ያን ያህል ዓመት እንዴት ሊሠራ ቻለ? የተዘጋውስ ስላልሠራ ነው ወይስ በሌላ ምክንያት? እኔ ጉዳዩን ስመለከተው ጣቢያው ሥራውን እስከ መጨረሻው ሠርቷል። ያለቀው የአውሮፕላኖቹ ዕድሜ ነው።

ከበረራው በፊት

የእንግሊዝ መርከበኞች ደሴቷን ያዩዋት በየካቲት 1788 ነው። ሌተናንት ሄንሪ ሊጅበርድ ቦል ሰፕላይ የተባለችውን መርከብ ይዞ ከሲድኒ ወደ ኖርፎክ ደሴት ሲሄድ መንገድ ላይ አገኛት። ሰው ኑሮ ብሎ የሰፈረባት ግን በ1834 ነው። የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች ለሚያልፉ የዓሣ ነባሪ አዳኝ መርከቦች ምግብና ውሃ ያቀርቡ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ደግሞ ሌላ ገቢ መጣ። በተፈጥሮ እዚያች ደሴት ላይ ብቻ የሚበቅለው ኬንቲያ የተባለው ዘንባባ በአውሮፓ ሳሎኖች ተወዳጅ ሆነ፤ ዘሩም ይሸጥ ጀመር።

ለዚህ ሁሉ መርከብ ያስፈልጋል። ደሴቷ ግን ትልቅ መርከብ የሚጠጋበት ወደብ የላትም። መርከቧ ወጣ ብላ ትቆማለች፤ ሰውና ዕቃ በትንንሽ ጀልባ ይመላለሳል። ባሕሩ ከተቆጣ መጠበቅ ነው። መርከብ ሌላም ጣጣ ነበረው። በሰኔ 1918 ማካምቦ የተባለች የእንፋሎት መርከብ ደሴቷ አጠገብ መሬት ነካች። ስትጠገን በቆየችባቸው ቀናት አይጦች ወደ ባሕሩ ዳርቻ ወረዱ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሌላ የትም የማይገኙ አምስት የወፍ ዝርያዎች ጠፉ። የደሴቷ ሰዎች ከውጭ የሚመጣ ማንኛውም ነገር ምን ይዞ እንደሚገባ የሚጠነቀቁት በከንቱ አይደለም።

የመጀመሪያው አውሮፕላን የመጣው በ1931 ነው። ፍራንሲስ ቺቸስተር፣ በኋላ በ1966 እና 1967 ብቻውን በመርከብ ዓለምን የዞረው ሰው፣ ያን ጊዜ ከኒውዚላንድ ወደ አውስትራሊያ ብቻውን እየበረረ ነበር። አውሮፕላኑ ተንሳፋፊ እግሮች የተገጠሙላት ትንሽ ጂፕሲ ሞዝ ናት። አቅጣጫውን የሚያገኘው ሴክስታንት በተባለ የማዕዘን መለኪያ ፀሐይን እየለካ ነው። በአንድ እጅ አውሮፕላን፣ በሌላው እጅ ሴክስታንት! ደሴቷን አገኛት፤ ላጉኑ፣ ማለትም በኮራል ግንብ የተከለለው ጸጥ ያለ ውሃዋ ላይም በሰላም አረፈ። ያንኑ ሌሊት ግን ነፋስ ተነሥቶ ማሰሪያዋ ላይ እንዳለች ገለበጣት። ሲነጋ ውሃ ውስጥ ነበረች። የደሴቷ ሰዎች አወጡለት። መለዋወጫ በመርከብ መጣ። ክንፎቹን ፈተው፣ እንጨቱን ጠግነው፣ ሸራውን እንደገና አልብሰው፣ ከሳምንታት ሥራ በኋላ ተነሥቶ ወደ አውስትራሊያ በረረ።

ይህን ነገር ልብ በሉልኝ። አውሮፕላኗ ባሕሩን አቋርጣለች፤ አርፋለች። የተጎዳችው ታስራ ባለችበት ነው።

ጣቢያው እንዴት ተጀመረ

በሲድኒ በኩል ያለው የመስመሩ ጫፍ ሮዝ ቤይ ነው። እዚያ የበራሪ ጀልባ ጣቢያ የተከፈተው በ1938 ሲሆን የሲድኒ የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ኤርፖርት እሱ ነበር። የአውስትራሊያው አየር መንገድ የኳንታስ በራሪ ጀልባዎች ከዚያ ተነሥተው በየወደቡ እያረፉ እስከ እንግሊዝ ሳውዝሃምፕተን የሚደርስ መስመር ያገለግሉ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ የጦሩ ሰንደርላንድ በራሪ ጀልባዎች ለሽያጭ ወጡ። ትራንስ ኦሺያኒክ ኤርዌይስ የተባለ አዲስ ኩባንያ ገዝቶ ወንበር ገጠመባቸው፤ በ1947 ከሮዝ ቤይ ወደ ሎርድ ሃው ማብረር ጀመረ። ኳንታስም ካታሊና የተባለ በራሪ ጀልባ ይዞ እዚሁ መስመር ላይ ሠርቷል። ትራንስ ኦሺያኒክ በ1953 ሲወድቅ መስመሩ በአንሴት ኩባንያ እጅ ገባ። አንሴት እስከ መጨረሻው ይዞት ቆየ።

የሚገርመው ጊዜው ነው። ሎርድ ሃው በራሪ ጀልባ ስታገኝ ዓለም ከበራሪ ጀልባ እየወጣ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ በየአህጉሩ ረጃጅም ማኮብኮቢያዎች ተሠርተዋል። ባለ ጎማ አውሮፕላኖች ፈጠኑ፤ ከፍ ብለው በረሩ፤ ወጪያቸውም ቀነሰ። የእንግሊዙ አየር መንገድ ቢ.ኦ.ኤ.ሲ. በራሪ ጀልባዎቹን በ1950 ተወ። ከሳውዝሃምፕተን ወደ ማዴይራ ደሴት ይበር የነበረው አኪላ ኤርዌይስ በ1958 ቆመ። ሌሎቹ መስመሮች አንድ በአንድ ሲዘጉ ሎርድ ሃው ቀረች። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሌላ የሚያርፉበት ቦታ አልነበራትም።

ላጉኑ እንደ ኤርፖርት

የደሴቷ ምዕራባዊ ጎን ወደ ውስጥ እንደ ጨረቃ ጎበጥ ይላል። ከፊቱ የኮራል ግንብ ተዘርግቷል። ዓለም ላይ ካሉት የኮራል ግንቦች ወደ ደቡብ እጅግ የራቀው ይህ ነው። በግንቡና በባሕሩ ዳርቻ መካከል የታቆረው ጸጥ ያለ ውሃ ላጉን ይባላል፤ ርዝመቱ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ውቅያኖሱ ከውጭ ግንቡን ይመታል፤ ውስጥ ያለው ውሃ ግን አብዛኛውን ጊዜ የዋህ ነው። ከሩቅ ለሚያየው ተፈጥሮ የሠራችው ኤርፖርት ይመስላል።

ችግሩ ጥልቀቱ ነው። ላጉኑ ጥልቅ አይደለም፤ ወለሉም ላይ ኮራል አለ። በራሪ ጀልባ ማለት ሆዱ ራሱ እንደ ጀልባ የተሠራ አውሮፕላን ነው። ያ ሆድ ውሃው ውስጥ ይሰምጣል። ሲያርፍም ሲነሣም ከሥሩ በቂ ውሃ መኖር አለበት። ባሕሩ ሲጎድል ለዚያ ክብደት አስተማማኝ ቦታ የለም። ስለዚህ ኤርፖርቱ የሚከፈተው ባሕሩ ሲሞላ ነው።

የዚህን ውጤት አስቡት። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፤ ሰዓቱ ግን በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ገደማ ይዘገያል። ዛሬ ረፋድ ላይ የነበረው ሙላት በሳምንቱ ወደ ማታ ይገፋል። ስለዚህ «ሁልጊዜ ማክሰኞ ጠዋት» የሚባል የበረራ ፕሮግራም ሊኖር አይችልም። በረራው ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። አብራሪው ያንን ወደ ኋላ ቆጥሮ ከሮዝ ቤይ ይነሣል። ሙላቱ ማለዳ ከሆነ መንገደኛው እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ሻንጣውን ይዞ ሮዝ ቤይ መገኘት አለበት። አየር መንገዱ የጨረቃን አቆጣጠር ይከተል ነበር ብንል ማጋነን አይደለም።

አየሩም የራሱ ነገር አለው። በደሴቷ ደቡብ ጫፍ 875 ሜትር ከፍታ ያለው ማውንት ጋወር እና 777 ሜትር የሆነው ማውንት ሊጅበርድ ቆመዋል። ነፋስ ከደቡብ ሲመጣ ተራሮቹን አልፎ ይናወጣል፤ ከሥራቸው የሚበር አውሮፕላን ይንገላታል። በአካባቢው ሌላ ማረፊያ የለም። ላጉኑ በደመና ከተዘጋ መመለስ ነው፤ ስለዚህ የመመለሻ ነዳጅ ይዞ መሄድ ግድ ይላል። አውሮፕላኖቹ ደግሞ ውስጣቸው የአየር ግፊት የሚጠበቅ ዓይነት አልነበሩም። ደመናውን በላይ አልፈው መብረር አይችሉም፤ በመሀሉ ወይም በሥሩ ነው የሚያልፉት።

ማረፉ ራሱ ሙያ ነበር። ሰው ለበራሪ ጀልባ ለስላሳ ውሃ የሚመች ይመስለዋል። እንደ መስታወት የሆነ ውሃ አደገኛ ነው። አብራሪው ከውሃው ምን ያህል ከፍ እንዳለ በዓይኑ መለየት ይቸግረዋል። ሲነሣም ለስላሳው ውሃ ሆዱን ይይዘዋል፤ ትንሽ ሞገድ ሲኖር ቶሎ ይላቀቃል። ካረፈ በኋላ ደግሞ ፍሬን የለውም። አቅጣጫ የሚይዘው የግራና የቀኝ ሞተሮቹን ኃይል በመለዋወጥ ነው። ፍጥነት ለመቀነስ ውሃ የሚሞላ የሸራ ከረጢት ከጎንና ከጎን ይጣላል። ከዚያ አንድ የበረራ ሠራተኛ ከአፍንጫው በኩል ባለው ቀዳዳ ብቅ ብሎ፣ ዘንግ ይዞ፣ ውሃው ላይ የሚንሳፈፈውን ማሰሪያ ይይዛል። እሱ ከሳተው ባለ አራት ሞተሩ አውሮፕላን ዞሮ መምጣት አለበት።

መንገደኛው ከዚያ በጀልባ ወደ መድረኩ ይወሰዳል። እዚያ የሚጠብቀው እንግዳ ማረፊያ ያላቸው ቤተሰቦች፣ ደብዳቤ የሚጠብቁ፣ ሕክምና ሄዶ የሚመለስ ዘመድ ያላቸው ሰዎች ናቸው። በእያንዳንዱ ጉዞ የሚመጣው 40 ገደማ ሰው ነው። ለትንሽ ደሴት 40 ሰው ቀላል አይደለም። የአንድ ሳምንት ገበያ ማለት ነው። ቱሪዝም የደሴቷ ዋና መተዳደሪያ ሆኖ የጸናው በእነዚህ ዓመታት ነው ብዬ አምናለሁ። በመርከብ ቀናት ይፈጅ የነበረ መንገድ ወደ ሰዓታት ሲያጥር፣ የሁለት ሳምንት ፈቃድ ያለው የሲድኒ ሠራተኛም መምጣት ቻለ።

ማሰሪያው ላይ ያለች ሌሊት

የአደጋ ታሪኩ በአግባቡ መነገር አለበት። በመስከረም 1948 ከራትማይንስ የጦር ጣቢያ የተነሣ የአውስትራሊያ አየር ኃይል ካታሊና ደሴቷ ላይ ተከሰከሰ። ከተሳፈሩት 9 ሰዎች 7ቱ ሞቱ። ስብርባሪው እስካሁን ኮረብታው ላይ አለ። ይህ የመንገደኛ በረራ አልነበረም፤ ግን የደሴቷ ሰዎች ሌሊት ወጥተው የተረፉትን ያገኙበት ጉዳይ ስለሆነ ከታሪኳ የሚለይ አይደለም።

የመንገደኛውን አገልግሎት ለሚያጠና ሰው ግን ትልቁ ክስተት የሐምሌ 1963ቱ ነው። አንሴት ያን ጊዜ ሳንድሪንግሃም የተባሉ በራሪ ጀልባዎችን ያበር ነበር። ሳንድሪንግሃም ማለት ለመንገደኛ የተለወጠ ሰንደርላንድ ነው። ከእነሱ አንዱ፣ ፓሲፊክ ቺፍተን የተባለው፣ ላጉኑ ውስጥ ታስሮ ሳለ ማዕበል መጣ። ማሰሪያውን ላቀቀው። አውሮፕላኑ ዳግም ላይበር ተሰባበረ።

ቺቸስተርን አስታውሱ። በ32 ዓመት ልዩነት ያው ላጉን፣ ያው ዓይነት ጉዳት። ሁለቱም በበረራ ላይ አልተጎዱም። የጣቢያው ደካማ ጎን አየሩ ወይም አብራሪው ሳይሆን የመቆያ ቦታው ነበር ማለት ነው። ባለ ጎማ አውሮፕላን ማዕበል ሲመጣ መሬት ላይ ይታሰራል፤ ካለም ጣሪያ ሥር ይገባል። ሮዝ ቤይ በራሪ ጀልባውን ከውሃ ስቦ ማውጫ ነበረው። ላጉኑ ላይ ግን አንዴ ሙላቱ ካመለጠ አውሮፕላኑ ውሃው ላይ ያድራል። ነፋስ ሲነሣ ተስፋው አንድ ገመድና አንድ መልህቅ ነው። ጣቢያውን ማሻሻል የሚፈልግ ሰው ገንዘቡን ማፍሰስ የነበረበት እዚህ ላይ ነበር።

አንሴት ከዚያ በኋላ ያደረገው ነገር ለእኔ የጉዳዩ ምርጥ ክፍል ነው። መተው ይችል ነበር። ዓለም ሁሉ ወደ ጄት እየገባ ባለበት ዘመን፣ ከኒውዚላንድ አየር ኃይል አንድ ያገለገለ ሰንደርላንድ ገዛ። ሮዝ ቤይ ባለው ወርክሾፑ ውስጥ የጦር ዕቃውን አውጥቶ፣ መስኮትና ወንበር ገጥሞ ለመንገደኛ አበጀው። ስሙን አይላንደር አለው። በ1964 ሥራ ጀመረ። ቢችኮምበር ከተባለው ሳንድሪንግሃም ጋር ሆኖ ሁለቱ ደሴቷን አሥር ዓመት አገለገሉ።

ለምን ተዘጋ

ሰንደርላንድ መጀመሪያ የበረረው በ1937 ነው። ምርቱ በ1946 ቆሟል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሁለቱ አውሮፕላኖች በጦርነቱ ዘመን የተሠራ አካል ይዘው ጨዋማ ውሃ ላይ ይውሉ ነበር። ጨው አሉሚኒየምን ይበላል። በየጊዜው ማውጣት፣ ማጠብ፣ መፈተሽ፣ የተበላውን መቀየር ያስፈልጋል። መለዋወጫው ከየት ይምጣ? ሌላው ዓለም ትቶታል። ሙያውን የሚያውቁት መካኒኮችም አብረው እያረጁ ነው። ሁለት አውሮፕላንና አንድ መስመር ብቻ ይዞ አንድ ሙሉ ጣቢያ በሮዝ ቤይ ማቆየት ለማንኛውም ኩባንያ ከባድ ነው። እኔ አንሴትን በዚህ አልወቅስም። እንዲያውም ከሚጠበቀው በላይ ቆይቷል።

ምትኩ ማኮብኮቢያ ነበር። ደሴቷ ላይ ሜዳ የሚባለው መሀል ላይ ያለው ጠባብ ወገቧ ብቻ ነው። በአንድ ጎኑ ላጉኑ፣ በሌላው ጎኑ ክፍት ውቅያኖስ። የአውስትራሊያ ጦር መሐንዲሶች እዚያ ላይ ሠሩት፤ በ1974 ተከፈተ። ርዝመቱ 886 ሜትር ነው። የመጨረሻው መደበኛ የበራሪ ጀልባ በረራም በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ተደረገ። ከዚያ በኋላ ላጉኑም ሮዝ ቤይም የትልልቅ በራሪ ጀልባ ጣቢያ መሆናቸው አበቃ። ሮዝ ቤይ ላይ ዛሬም ትንንሽ የሽርሽር አውሮፕላኖች ይነሣሉ፤ የሎርድ ሃው መስመር ግን የለም።

መዘጋቱ ትክክል ነበር? አዎ ነበር። ታሞ በድንገት ሲድኒ መድረስ ያለበት ሰው ባሕሩ እስኪሞላ መጠበቅ የለበትም። ይህ ብቻውን ይበቃል። ግን የጠፋ ነገር አለ። ላጉኑ እንደ ኤርፖርት ሲያገለግል መሬት አልቆረጠም፤ አስፋልት አልፈለገም፤ ዛፍ አልጣለም። በዚያ ጠባብ ደሴት ላይ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ሜዳ መውሰድ ትልቅ ዋጋ ነው። ዋጋው ተከፍሏል፤ ተገቢም ነበር። ዋጋ እንዳልነበረ አድርጎ ማውራት ግን ትክክል አይመስለኝም።

ከዚያ ወዲህ

ሁለቱ አውሮፕላኖች በአሜሪካ ቨርጂን ደሴቶች ለሚሠራው አንቲለስ ኤር ቦትስ ተሸጡ። ቢችኮምበር ዛሬ ሳውዝሃምፕተን፣ ሶለንት ስካይ በተባለው ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። አይላንደር ፍሎሪዳ ውስጥ በአንድ የአውሮፕላን ስብስብ ውስጥ ነው።

አዲሱ ማኮብኮቢያ መጀመሪያ ያስተናገደው ትንንሽ ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላኖችን ነው። አንድ በራሪ ጀልባ ያመጣው የነበረውን ሰው ለማምጣት ብዙ መመላለስ ያስፈልግ ነበር። በኋላ 36 ሰው የሚይዘው ዳሽ 8 መጣ። ጉዞው ወደ ሁለት ሰዓት ገደማ አጠረ። ቁጥሩን አስተያዩት። በራሪ ጀልባው 40 ገደማ፣ ዳሽ 8 36። ፍጥነቱና የሰዓቱ አስተማማኝነት ተለወጠ እንጂ በአንድ ጊዜ የሚገባው ሰው ብዛት ወደ ነበረበት ተመለሰ። 886 ሜትር ለትልቅ ጄት አይበቃም። ለማስረዘም ደግሞ ወደ ውሃው መግባት ያስፈልጋል።

ይህ አጭርነት የደሴቷን መልክ አስጠብቋል የሚል እምነት አለኝ። በ1982 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ አድርጎ መዝግቧታል። በአንድ ጊዜ ደሴቷ ላይ መቆየት የሚፈቀድላቸው ጎብኚዎች 400 ብቻ ናቸው። ሕጉ ቢኖርም፣ በየቀኑ ሦስት ትልልቅ ጄቶች የሚያርፉበት ኤርፖርት ቢኖር ኖሮ ያንን ቁጥር ለመጨመር የሚመጣው ግፊት ምን ያህል እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። በራሪ ጀልባው ትንሽ በር ነበር፤ አዲሱም በር ትንሽ ሆኖ ተሠራ።

ትንሽ በር ግን ልኩ የሆነ አውሮፕላን ይፈልጋል። ማኮብኮቢያውን ለረጅም ዓመታት ያገለገለው ዳሽ 8-200 ምርቱ ከቆመ ቆይቷል። ዛሬ የሚሠሩት አብዛኞቹ የክልል አውሮፕላኖች ከእሱ ይበልጣሉ፤ የሚፈልጉት ማኮብኮቢያም ይረዝማል። በ1960ዎቹ አንሴት ሰንደርላንድ ፍለጋ ኒውዚላንድ ድረስ የሄደበት ምክንያትና ዛሬ ለሎርድ ሃው አውሮፕላን የሚመርጥ ሰው የሚገጥመው ችግር አንድ ዓይነት ነው። ደሴቷ የምትጠቀምበትን ዓይነት አውሮፕላን አምራቾቹ መሥራት ሲያቆሙ፣ አማራጩ ያለውን እየጠገኑ ማቆየት ወይም ሜዳውን መለወጥ ነው። ሜዳውን መለወጥ ደግሞ ላጉኑን መንካት ነው።